የተከለከለው ስኒና ያልተከለከለው ገበያ

ወደ ቤተ መዘክር የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ዕቃ ነው። ዘውድ ያያል፤ ካባ ያያል፤ ጋሻና ጦር፥ ብርሌና ዋንጫ፥ የብራና መጽሐፍም ያያል። ዕቃው የማን እንደ ነበረ ይነገረዋል። ማን እንደ ሠራው፥ ማን ተሸክሞ እንዳመጣው፥ የተገዛበትም ገንዘብ ከየት እንደ ተገኘ ግን እምብዛም አይነገረውም፤ እርሱም አይጠይቅም። ስለዚህ ዓይኑ ጠግቦ ልቡ እንደ ተራበ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቅርስ የሚጠበቀው አባቶቻችን ምን እንደ ነበራቸው ለማሳየት ብቻ ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ያ ነገር እንዴት እንደ ተገኘ አስረድቶ ለልጆቻቸው ምክር ሲሰጥ ግን ጥቅሙ ታላቅ ይሆናል።

አንዳንድ አገሮች ለሚጠጡት ነገር ሳይቀር ቤተ መዘክር ሠርተዋል። ቀድሞ ሴሎን፥ ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው ደሴት፥ ካንዲ ከምትባለው ከተማ አጠገብ በሐንታና ኮረብታ ላይ የሻይ ቤተ መዘክር አለ። በአገራችንም በቦንጋ ከተማ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቷል። የጐጃም ደጋ፥ ይልቁንም ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ፥ ከቡና ጋር ያላቸው ታሪክ ግን በገበያ ሜዳና በጣና ዳር ደን ተበትኖ የሚገኝ ነው። ይህን ታሪክ ሰብስቦ የሚመረምር ሰው የሚያስደንቅም የሚያሳዝንም ነገር ያገኛል። ይኸውም ቡና መጠጣት ለክርስቲያን ነውር ሆኖ በሚቈጠርበት ዘመን፥ ቡናው በሚሸጥበት በዚያው ገበያ ሰው ይሸጥ እንደ ነበረ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ስለዚህ ነገር ጥቂት አብረን እንድናስብ እለምንሃለሁ። በዚህ ጽሑፍ የአገራችን ታሪክ የሚቈጠረው በአገራችን ዓመተ ምሕረት ነው፤ የውጭ አገሩ በፈረንጆች ሲሆን «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ይጻፋል።

ከደብረ ማርቆስ፥ በቀድሞ ስሟ ከመንቆረር፥ ወደ ደቡብ የተጓዘ መንገደኛ የጁቤ ይደርሳል። ወረዳው ባሶ ሊበን ይባላል። ከዚያ ወዲያ ደጋው ያልቅና ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከዓባይ ማዶ ጉድሩ፥ ከጉድሩም ወዲያ ሊሙ እናርያ፥ ጅማና ከፋ ይከተላሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት በባሶ ይቆም የነበረው ገበያ በሰሜንና በደቡብ መካከል ንግድ ከሚገናኝባቸው ስፍራዎች ሁሉ እጅግ የታወቀ ነበር። ቻርልስ ቤክ የተባለው እንግሊዛዊ ከ1833 እስከ 1835 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በጐጃም ተቀምጦ ስለዚሁ ገበያ ጽፏል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲም በ1835 ዓ.ም. ከጐጃም ተነሥቶ ዓባይን በመሻገር እስከ እናርያ ድረስ ሄዷል።

የንግዱ አካሄድ እንዲህ ነበር። ከአፋር የጨው ሜዳ የተቈረጠው አሞሌ በትግራይ በኩል ወጥቶ፥ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፥ ባሶ ይደርሳል። አሞሌ ገንዘብም ምግብም ነበረና ከተቈረጠበት በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምራል። ነጋዴዎች ይህን አሞሌና ልዩ ልዩ ጨርቅ ጭነው ዓባይን ይሻገራሉ፤ በሊሙ እናርያ የሰቃ ገበያ ደርሰው ቡና፥ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድና ኮረሪማ ገዝተው ይመለሳሉ። በክረምት ዓባይ ሞልቶ መሻገሪያ ስለማይገኝ ንግዱ የሚበረታው በበጋ ነበር። ከባሶም ሸቀጡ ወደ ጐንደር፥ ከጐንደር ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ይወጣል። አብዛኞቹ ሲራራ ነጋዴዎች እስላሞች ነበሩ። ክርስቲያኑ ባላገር ከእርሻው፥ መኳንንቱም ከጦርነቱ ስለማይላቀቁ ንግድን ዝቅ አድርገው ያዩት ነበር፤ ነገር ግን ንግዱን የናቁት ገዢዎች ቀረጡን አልናቁትም። በኬላው ላይ ለእያንዳንዱ ጭነት ይከፈል ነበርና ገበያው ለጐጃም ገዢዎች ታላቅ ገቢ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ የሚያሰኝ ነው። ጨው ከበረሃ፥ ቡና ከደን ተነሥተው በጐጃም ደጋ ላይ ሲገናኙ ማሰብ ልብን ያሞቃል። በዚያው ቅፍለት ውስጥ ግን ሌላ ጭነት ነበረ። እርሱም ሰው ነው። ከዓባይ ማዶ ካሉት አገሮች በጦርነት የተማረኩ፥ በዘረፋ የተያዙ፥ በዕዳና በፍርድ ምክንያት የተሸጡ ወንዶችና ሴቶች፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ልጆች፥ ቡናውንና የዝሆን ጥርሱን ተከትለው ወደ ባሶ ይመጡ ነበር። ቡናው በአጋሰስና በአህያ ጀርባ ይጫናል። ሰው ግን በገዛ እግሩ ይሄዳልና ለነጋዴው ማጓጓዣ የማይጠይቅ ዕቃ ነበር። በበረሃው መንገድ የደከመ ወይም የታመመ ልጅ ምን ይሆን እንደ ነበረ ማንም ሊያስበው ይችላል። ከገበያው የተረፈው አንዱ በደጋው ባለጠጋ ቤት ውኃ ቀጂና እህል ፈጪ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላው ወደ ጐንደርና ወደ ቀይ ባሕር ተወስዶ ከአገሩ ለዘላለም ይጠፋል።

አሁን ወደ ስኒው እንመለስ። በዚያ ዘመን የጐጃም ክርስቲያን፥ እንደ ጐንደሩና እንደ ሸዋው ሁሉ፥ ቡና አይጠጣም ነበር። ቡና የእስላሞች መጠጥ፥ ከዓባይ ማዶም ያሉት ሕዝቦች ለልማዳቸው የሚያፈሉት ነገር ነው ተብሎ ከጫትና ከትምባሆ ጋር ተደምሮ ይነቀፍ ነበር። ይህን ክልከላ የሚያስከብር ወታደር አላስፈለገውም። የነፍስ አባት ይገሥጻል፤ ጎረቤት ይታዘባል፤ እናት ልጇን ትቈጣለች። ቡና የጠጣ ሰው ከማኅበር ሊገለል፥ በዘመዶቹም ዘንድ ሊታማ ይችላል። በየቤቱ ሁሉም የሁሉም ጠባቂ ስለ ነበረ ክልከላው ጸና። ዛሬም ቢሆን አንዳንድ አባቶችና መነኰሳት ከቡና ይታቀባሉ፤ ይህ ለራስ የተያዘ ተጋድሎ ስለ ሆነ የሚከበር እንጂ የሚነቀፍ አይደለም።

ሰውን ስለ መሸጥስ ሕጉ ምን ይል ነበር? ሕጉ ዝም አላለም። አባቶቻችን ይዳኙበት የነበረው ፍትሐ ነገሥት የሰው ልጅ ሁሉ በተፈጥሮ ነጻ እንደ ሆነ፥ አንዱን ለሌላው ተገዢ ያደረገው ጦርነትና ጉልበት መሆኑን ገልጾ ይናገራል። ይህ ቃል ተነቦ ከተስተዋለ ምንም ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም። ይሁን እንጂ ያው መጽሐፍ በኋለኛው ክፍል ባሪያ እንዴት እንደሚገዛና እንደሚያዝ ደንብ ስለሚሰጥ፥ ሰዎች የፊተኛውን ቃል ዘለው የኋለኛውን ያዙ። ነገሥታቱም ዝም አላሉም። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድ እንዲቀር አወጁ፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በዓድዋ ሲዋዋሉ ይህንኑ ንግድ ለመከልከል ፈረሙ። ነገር ግን ነጋሪቱ ተጐሥሞ ሲያበቃ ገበያተኛው ወደ ገበያው ይመለስ ነበር። በየቤቱ የሚቈጣ እናት፥ የሚታዘብ ጎረቤት፥ የሚገሥጽ የነፍስ አባት ስለዚህ ነገር እምብዛም አልተገኘም።

እንግዲህ ሁለት ክልከላዎች ነበሩ። አንደኛው ያልተጻፈ፥ ነገር ግን በየቤቱ የሚጠበቅ ነበር። ሁለተኛው በነጋሪት የታወጀ፥ ነገር ግን በማንም ቤት የማይጠበቅ ነበር። ስለ ምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ከባድ አይደለም። ቡናን መተው ለደጋው ባላገር ምንም አያስወጣውም፤ ጠላውና ጠጁ ነበረውና። ከዚህም በላይ ቡናን መተው «እኛ እንዲህ ነን፥ እነዚያ እንዲያ ናቸው» የሚያሰኝ መለያ ስለ ሆነ ለሚተወው ሰው የኩራት ምክንያት ይሆነው ነበር። ባሪያን መተው ግን ሌላ ነገር ነው። ውኃውን ማን ይቀዳል? እህሉን ማን ይፈጫል? የገበያው ቀረጥ ከየት ይመጣል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያስነሣ ክልከላ በጥቅም ላይ የሚመጣ ክልከላ ነው። ስለዚህ የሰው ሕሊና ዋጋ በማያስከፍለው ነገር ላይ ብርቱ ሆነ፤ ዋጋ በሚያስከፍለው ነገር ላይ ግን እንቅልፍ ያዘው። ወንጌል ትንኙን አጥልለው ግመሉን ስለሚውጡ ሰዎች የሚናገረው ተግሣጽ የሌላ አገር ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይምሰለን።

ከባሶ ወደ ሰሜን፥ ከጐጃም ደጋ ማዶ በጣና ዳር፥ ይህ ነገር ይበልጥ ተገልጦ የሚታይበት ሌላ ስፍራ አለ። እርሱም ዘጌ ነው። ዘጌ ከባሕር ዳር አጠገብ ወደ ጣና ሐይቅ ገብቶ የሚታይ የደን ምድር ሲሆን፥ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፥ አዝዋ ማርያም፥ በትረ ማርያምና ሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት በውስጡ አሉ። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ሥዕልና በዕቃ ቤቷ የተጠበቁትን ዘውዶችና የብራና መጻሕፍት ለማየት ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል። ደኑ የቡና ደን ነው። የአካባቢው ሰዎች ቡናው ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳንና በረከት የተገኘ መሆኑን ከአባቶቻቸው ተቀብለው ይናገራሉ። በዚያ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ፥ ከብትም ማርባት የተከለከለ ስለ ሆነ፥ በአካባቢው ያለው ደን በምጣድና በማረሻ ሲያልቅ የዘጌ ደን ተርፏል። ይህ የሚመሰገን ጥበብ ነው፤ ደን ስለ መጠበቅ ብዙ መጽሐፍ ከመጻፉ በፊት ገዳማውያኑ በሥርዓት አድርገው አሳይተዋል።

ልብ ብሎ ለሚያይ ግን እዚህም ሌላ ታሪክ አለ። የታሪክ ሊቁ አብዱሰመድ አህመድ ስለ ዘጌ ካህናት፥ ስለ ቡናቸውና ስለ ባሪያ ንግድ በጻፉት ጥናት፥ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1935 ባለው ጊዜ የቡናውን ምድር የያዙት ካህናት ቡናውን የሚያስኰተኵቱትና የሚያስለቅሙት በባሪያዎች ጉልበት እንደ ነበረ አስረድተዋል። እነዚህ ሰዎች ከምዕራቡ ቆላ በፈንጋዮች እጅ የመጡ ነበሩ። እንግዲህ በሬ እንዳይጠመድ የተከለከለበት ምድር ሰው እንዳይጠመድበት አልተከለከለም ማለት ነው። ይህን የምንናገረው ቅዱሱን ስፍራ ለማቃለል አይደለም። ስፍራው ቅዱስ ስለ ሆነ ነው ነገሩ ይበልጥ የሚያሳስበን። ጸሎትና ጾም ባለበት፥ ዕፅዋት እንኳ በቃል ኪዳን በሚጠበቁበት ስፍራ ይህ ከሆነ፥ በተራው ሰው ቤት የሆነውን መገመት አያስቸግርም።

ክልከላው እንዴት እንደ ተለወጠ ደግሞ እንመልከት። በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን «ተክለ ሃይማኖት» አሰኝተው የጐጃምና የከፋ ንጉሥ ብለው አነገሡአቸው። በዚህ ማዕርግ ውስጥ የከፋ ስም መግባቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የባሶን ገበያ የሚመግበው አገር ከዓባይ ማዶ ስለ ነበረ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ዓይናቸው በዚያው አገር ላይ ነበር። ስለዚህ በ1874 ዓ.ም. የሁለቱ ንጉሦች ጦር በጉድሩ አጠገብ በእምባቦ ተገናኘ። ብዙ ሰው አለቀ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቈስለው ተማረኩ። ከዚያ በኋላ የደቡቡ ንግድ እየዋለ እያደረ ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ፤ በ1879 ዓ.ም. ሐረር ሲያዝ፥ ኋላም የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ሲዘረጋ፥ ቡናው በምሥራቅ በኩል መውጣት ጀመረ። የባሶ ገበያ የቀድሞ ክብሩን አጣ። ምሁሩ መርዕድ ወልደ አረጋይ የቡና ንግድ ከሸዋ መነሣት ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ በጥናታቸው ገልጸውታል።

ቡና የሚበቅልበት ምድር በክርስቲያን ንጉሥ እጅ ከገባ፥ ቡናም የመንግሥት ገቢ ከሆነ በኋላ፥ በስኒው ላይ የነበረው ነቀፋ ቶሎ እየላላ ሄደ። ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም ቡና የእስላም መጠጥ ነው የሚለውን አሳብ ለማስወገድ ረድተዋል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የተነቀፈው መጠጥ የእንግዳ መቀበያ፥ የዕርቅ መጀመሪያ፥ የጎረቤት መጥሪያ ሆነ። ዛሬ በጐጃም ደጋ ቄጤማ ተጐዝጕዞ፥ ዕጣን ጤሶ፥ አቦል፥ ቶና፥ በረካ እየተባለ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ሲቀመጡ፥ ያ ክልከላ ኖሮ ያውቅ እንደ ሆነ እንኳ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይህ መልካም ለውጥ ነው፤ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለይ ነገር ቀርቶ የሚያገናኝ ነገር በቦታው ገብቷልና።

ሰውን የመሸጥ ነገር ግን እንዲህ ቶሎ አልቀረም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። ባርነት ፈጽሞ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በታወጀው ሕግ ነው። እንግዲህ ልብ በል፤ ጉዳት የሌለው ስኒ ነጻ ከወጣ በኋላ ስኒውን የሚያጥበው ሰው ነጻ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ዘመን አለፈ። የስኒው ክልከላ ጥቅም ሲመጣ ላላ፤ የሰው ባርነት ጥቅም እስካለ ድረስ ቈየ። ከዚህ የምንማረው ሕሊናችን ከጥቅማችን ጋር ሲሄድ ፈጣን፥ ከጥቅማችን ጋር ሲጋጭ ግን አንካሳ መሆኑን ነው።

ይህ ድካም የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ ቀድሞ ወደ ጠቀስናት ወደ ሴሎን ኮረብታዎች መለስ እንበል። በዚያች ደሴት ቀድሞ የሚተከለው ቡና ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ የቡና ቅጠል በሽታ ገብቶ ተክሉን ስላጠፋው፥ ጄምስ ቴይለር የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1867 በሉልኮንደራ የጀመረው የሻይ እርሻ በቡናው ቦታ ተስፋፋ። የሐንታናው ቤተ መዘክር የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1925 በተሠራ አሮጌ የሻይ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ታድሶ ለጐብኚ ተከፈተ። የሻይ መጠቅለያውና ማድረቂያው መኪና፥ የቴይለርም መታሰቢያ በዚያ ይታያል። ነገር ግን ቅጠሉን የቀጠፉት ከደቡብ ሕንድ የመጡት ታሚሎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜአቸውን በጠባብ የመደዳ ክፍሎች ውስጥ ጨርሰው ደሴቲቱን ሲያበለጽጉ፥ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ነጻ በወጣች ጊዜ የወጣው የዜግነት ሕግ አብዛኞቹን አገር አልባ አደረጋቸው፤ ነገሩም ፈጽሞ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሕግ ነው። በዚያች አገር ግን አንድ መልካም ነገር ተደርጓል። በጋምፖላ አካባቢ ለሻይ ለቃሚዎቹ ራሳቸው ቤተ መዘክር ተሠርቷል፤ የተሠራውም እነርሱ ይኖሩባቸው በነበሩት ክፍሎች ውስጥ ነው። መኪናውን ያየ ጐብኚ ወደዚያ ሄዶ የለቃሚዋን ቅርጫትና የተኛችበትን ጠባብ ክፍል ቢያይ የሻዩን ታሪክ ሙሉ አድርጎ ይሰማል።

ለጐጃምም የሚያስፈልጋት ይህን የመሰለ ሙሉ ታሪክ ነው። ደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማ ናት፤ የነገሥታቱን ነገር የሚናገር ስፍራ አይጐድላትም። ነገር ግን በየጁቤ ወይም በደብረ ማርቆስ የባሶን ገበያ የሚያስታውስ አንድ ቤት ቢሠራ ምን መልካም በሆነ! በውስጡም አሞሌ ጨው፥ የቡና ጭነት፥ የዝባድ ቀንድ፥ ጀበናና ስኒ ይቀመጥ። የኬላው ሥርዓትና የሲራራ ነጋዴዎቹ መንገድ በካርታ ይታይ። ከእነዚህም አጠገብ በዚያ መንገድ ተነድተው ስለ መጡት ሰዎች ይጻፍ። ስማቸው በመጽሐፍ ስላልተመዘገበ ስም መጻፍ አይቻልም ይሆናል፤ ነገር ግን ሰዎች እንደ ነበሩ፥ እናትና አባት እንደ ነበራቸው፥ የመጡበትም አገር የት እንደ ሆነ መጻፍ ይቻላል። ትምህርት ቤቶች ልጆችን ወደዚያ ሲወስዱ መምህሩ «ይህ ቡና ነው» ካለ በኋላ «ይህንስ ማን ተሸከመው?» ብሎ ይጠይቅ።

«ይህን ማንሣት አባቶችን መስደብ ነው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን አባቶቻችንን የሚያከብር ሰው ሥራቸውን ሁሉ ሊያውቅ ይገባዋል፤ በጎውን ሊከተል፥ ክፉውን ሊሸሽ። ደን የጠበቁ አባቶች የእኛ ናቸው፤ ሰው የሸጡም የእኛ ናቸው፤ ሰው እንዳይሸጥ ያወጁም የእኛው ናቸው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ መርጦ መውረስ አይቻልም። «የዘመኑ ልማድ ነበር» የሚልም ይኖራል። የሰው ነጻነት የተፈጥሮ መሆኑን የሚናገር መጽሐፍ በእጃቸው ስለ ነበረ፥ አዋጅም ስለ ተነገረ፥ ነገሩ ፈጽሞ ያልታወቀ ነበር ማለት አይቻልም። «የቈየ ቍስል መነካካት ምን ይጠቅማል?» ለሚልም አገራችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ብላ መልሳለታለች። ቍስሉ የዳነው እኛ ስላላየነው አይደለምና፥ ከሽንገላ ይልቅ እውነትን መናገር የተሻለ መድኃኒት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ይህ ታሪክ የሚጠይቀን ስለ ዛሬው ኑሮአችን ነው። እኛስ ዛሬ የምናጠብቀው የትኛውን ክልከላ ነው? ጎረቤታችን በጾም ምን እንደ በላ፥ በበዓል ቀን ምን እንደ ሠራ፥ ልጁን ለማን እንደ ዳረ ስንቈጣጠር እንውላለን። በዚያው ሰዓት ግን በቤታችን ከሰል አቀጣጥላ፥ ቡና ቈልታ፥ ወቅጣ የምታቀርብልን ከገጠር የመጣች ልጅ አለች። ብዙዎቹ ከዚሁ ከጐጃም ባላገር ቤት ወጥተው ወደ ከተማ የገቡ ናቸው። ደመወዟ በወሩ ይከፈላታል ወይ? ትምህርት ቤት ትሄዳለች ወይ? ታማ ስትተኛ ማን ይጠይቃታል? ሦስተኛው ስኒ ሲወርድ እርሷስ ከእኛ ጋር ተቀምጣ ትጠጣለች ወይስ ጓዳ ቆማ ትጠብቃለች? ባርነት በአዋጅ ከተሻረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ነገር ግን የአዋጁ ቃል በየቤቱ የሚፈጸመው በየቤቱ ያለው ሰው ሲፈጽመው ብቻ ነው። የባሶ ዘመን ሰዎች ስለ ስኒው ያደረጉትን የጎረቤት ትዝብት፥ የእናት ቍጣ፥ የነፍስ አባት ተግሣጽ እኛ ስለ ሰው ብናደርገው፥ ነጋሪት ሳይጐሠም ብዙ ነገር ይቀና ነበር።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ አንድን ነገር ልትከለክል ወይም ልትነቅፍ በተነሣህ ጊዜ አስቀድመህ ይህን መዝን፤ ይህ ክልከላ እኔን ምን ያስወጣኛል? ምንም የማያስወጣህ ከሆነ ቈም ብለህ አስብ፤ ከስኒው ክልከላ ጋር የሚመሳሰል ሊሆን ይችላልና። ምቾትህን፥ ገንዘብህን ወይም ክብርህን የሚነካ ሲሆን ደግሞ ከእርሱ አትሽሽ፤ እውነተኛው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚያ በኩል ነውና። ወደ ዘጌ ወርደህ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕል ስታይ፥ በየጁቤ በኩል ስታልፍ፥ በቤትህም ጀበናው ሲጣድ፥ የተሸከሙትን ሰዎች አስብ። እነርሱን ማስታወስ ቡናውን አያመርረውም፤ ጠጪውን ግን አስተዋይ ያደርገዋል።